ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ

ትናንት ጭሮ አዳራሽ ውስጥ የቀድሞ ስፖርተኞች ሲሸለሙ፣ ድምፅ ማጉያው ሲጥ አለና የወንድሜን የታደሰን ስም ጠራ።

በደርግ ጊዜም እዚሁ አዳራሽ ተጠርቶ ነበር። ታደሰ በገና ጨዋታ ጥንጓን አንዴ ከመታት ከሜዳው ማዶ የሚያደርሳት ልጅ ነበርና ቀበሌው ሊሸልመው ጠራው። እኛ ከተቀመጥን በኋላ ግን አንድ የወታደር መኪና በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም። የናፍጣው ሽታ እስከ ወንበራችን ደረሰ። ያን ሰሞን ወጣቱ ለውትድርና ይታፈስ ነበር።

አባባ የታደሰን ጉልበት ጨብጦ፣ «ሲጠሩህ እንዳትነሳ» አለው በሹክሹክታ። «ሰዉ ያውቃል።»

ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ። የቡድን ጓደኞቹ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ጫት ነጋዴዋ ሳትቀር ከኋላቸው መቀመጡን ያውቃሉ። አንድም አንገት አልዞረም። ሊቀመንበሩ አዳራሹን ቃኝቶ ቃኝቶ ወረቀቱን አጠፈ።

ታደሰ በማግስቱ በጫት መኪና ወደ ሂርና ወጣ። እስከ ዛሬ ወሬው የለም።

ትናንት ስሙ ሲጠራ ሰዉ ሁሉ እየዞረ ፈለገው። እኔ ብቻ፣ እንደ ያኔው፣ ፊት ለፊቴን አየሁ።