ገለልተኛው በርሜል

ጋሽ ገርባ የዘይት ፋብሪካችንን ቦይለር ሃያ ሁለት ዓመት አነደዱ። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ፤ መፈክር ሲባል ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ታይፒስትና ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ሁሉንም አይቻለሁ፤ አልጻፍኩትም እንጂ።

በ1972 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ ነዳጅ ጠፋ። «ቆጥቡ» የሚል ደብዳቤ በየሳምንቱ ይደርሰናል፤ ነዳጁ ግን አይደርስም። ጋሽ ገርባ ማንንም ሳያማክሩ የጭስ ማውጫው ጉሮሮ ውስጥ የቧንቧ ጥቅል አስገቡ። ቀዝቃዛው ውሃ በዚያ ሲያልፍ የጭሱን ሙቀት እየሰረቀ ወደ ቦይለሩ ይገባል። ከአሥር በርሜል ነዳጅ አንዱ ተረፈ። ጭሱ ግን ሙቀቱን ሲነጠቅ ያልበዋል፤ ላቡ ከነዳጁ ድኝ ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ሆኖ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ባልዲያቸውን በላ፤ ቀጥሎ ጫማቸውን። ወደ ቦዩ ሲለቁት ደግሞ ከአጥር ወዲያ በዚያው ቦይ ውሃ ቃሪያ አልምታ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድገውን ዙህራን አገኛት።

«ያ ረቢ! ጋሽ ገርባ፣ ቃሪያዬን ምን አጠጡብኝ?» ብላ የተቃጠለ ቅጠል በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለቻቸው። እንደዚያ ቀን አፍረው አይቻቸው አላውቅም።

በማግስቱ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ሰንበታ ዘንድ ሄደው የእብነ በረድ ስባሪ ለመኑ። በርሜል ሞልተው ላቡን በድንጋዩ መሀል እያሳለፉ ለቀቁት። መልካሳ የምርምር ጣቢያ የሚሠራ የአጎታቸው ልጅ ደግሞ ሰማያዊና ቀይ መመርመሪያ ወረቀት ሰጣቸው። ሰማያዊው አሲድ ሲነካው ይቀላል፤ ጤነኛ ውሃ ውስጥ ግን እንዳለ ይቀራል። ድንጋዩ አሲዱን እየዋጠ ራሱም ስለሚሟሟ በየሁለት ወሩ ይጨምሩበታል። የዙህራ ቃሪያ አገገመ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናለ!

የነዳጁ ቁጠባ ወሬ የፋብሪካው ካድሬ መርዳሳ ጆሮ ገባ። መርዳሳ «ጓድ» ካለ በኋላ «እርስዎ» ማለት አይሆንለትም። በጠቅላላ ስብሰባ ላይ «ጓድ ገርባ፣ ተነስና ለሠራተኛው አስረዳ!» አላቸው።

ተነስተው አስረዱ። «ወረቀቱ ቀይ ከሆነ ውሃው ተበላሽቷል ማለት ነው። በርሜሉን ሲያልፍ ግን ገለልተኛ ይሆናል። ገለልተኛ ከሆነ ማንንም አይጎዳም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ሁለት ኃጢአት በአንድ ትንፋሽ! ወንድሜን ሁንዴን ከሁለት ዓመት በፊት ከዚህ ባነሰ ቃል ወስደውት አልተመለሰም።

«ቀይ ብልሽት ነው?» አለ መርዳሳ። «በአብዮት ዘመን ገለልተኛ? በርሜሉ ዛሬውኑ ይነሳ! አንተም ከስብሰባው በኋላ ትፈለጋለህ።»

ጋሽ ገርባ ዓይናቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «ጓድ መርዳሳ፣ አማርኛዬ ነው ያበላሸው። በኦሮምኛ አስቤ በአማርኛ ሳወጣው ተጣመመ።» ውሸታቸውን ነው። አማርኛቸው ከመርዳሳ በእጅጉ ይሻላል፤ የመርዳሳን ሪፖርት የማርመው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። «ለማለት የፈለግኩት፣ ጭሱ አድኃሪ ነው። ላቡም እንደዚያው። በርሜሉ ውስጥ ሲገባ ድንጋዩ ያነቃዋል። ይኸው ማስረጃው!»

ከኪሳቸው ቀዩን ወረቀት አወጡ። ለማሳያ በጣሳ ይዘውት የመጡት ከበርሜሉ የተቀዳ ውሃ ውስጥ ነክረው ከፍ አደረጉት። «ቀይ ሆኖ ገባ፤ ቀይ ሆኖ ወጣ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው መርዳሳ ነው። ቀዩ ወረቀት አሲድ ውስጥ ቢነከርስ ቀይ ሆኖ አይወጣም ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ቃለ ጉባኤውን ስተይብ «ገለልተኛ» የምትለዋን ቃል «የነቃ» አደረግኳት።

በርሜሉ ቀይ ቀለም ተቀባ። በየዓመቱ ለአብዮት በዓል እንደገና ይቀባል፤ እንግዳ ሲመጣም ይጎበኛል። ከጋሽ ገርባ በቀር ክዳኑን ከፍቶ ያየ ግን የለም። ቀዩ ወረቀት በጉብኝት አለቀ። ሰማያዊውን ጋሽ ገርባ ለዙህራ ቦይ ብቻ ይቆጥቡት ነበር። ታመው የተኙ ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ የቀረውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝና «እናትነሽ፣ ድንጋዩን አደራ» አሉኝ። እኔ ግን ከቀበርናቸው በኋላ በሐዘኑ አደራውን ረሳሁት። ዛሬም ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ወር ዙህራ በአጥሩ ቀዳዳ ጠርታ የተቃጠለ ቅጠል አሳየችኝ። ሮጬ በርሜሉን ከፈትኩት። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ውስጡ ባዶ።

ሰንበታ ዘንድ ስደርስ ነጭ እብነ በረድ ላይ ስም እየቀረጸ ነበር። ጠጋ ብዬ አነበብኩት፤ የጋሽ ገርባ ነው። እግሩ ሥር የወደቀውን ስባሪ ጎንበስ ብዬ አንድም ሳላስቀር በማዳበሪያ ከረጢት ለቀምኩ። ተሸክሜ መጥቼ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት።

በማግስቱ ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብዬ ወረቀቱን ነከርኩ። ዙህራ በቀዳዳው ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ሰማያዊ ነው» አልኳት።