ቆርቆሮ የበላሁ ዕለት

የሥጋ ቆርቆሮ ሲከፈት የሚያሰማው ያ ድምፅ የስምንት ዓመት ልጅ ያደርገኛል። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሊያ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ሙሱቢ የሚባል የሃዋይ ምግብ ልትሠራልኝ ከፈተችው። ሥጋውን ቆራርጣ በሶያ ሶስና በስኳር ጠበሰች፤ ሩዙን በባዶው ቆርቆሮ ጠቅጥቃ ቅርጽ አወጣችለት፤ ሥጋውን ከላይ አጋድማ በጥቁር የባሕር ቅጠል ጠቀለለችው። እኔም ስንት ጥርስ እንደቀረኝ ረስቼ ከሦስቱ ሁለቱን ዋጥ አደረግኋቸው።

«ለመሆኑ የምን ሥጋ ነው?» አልኳት አፌን እየጠረግሁ።

«ፖርክ ነው አባባ። ኦኬ ነው አይደል?»

አሳማ! ክው አልኩ።

ልጅ እያለሁ ደብረ ዘይት፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ወታደሩ አጎቴ ከካምፕ የቆርቆሮ ሥጋ ይዞልኝ መጣ። በጎኑ ባለችው ትንሽ ቁልፍ እየጠቀለለ ከፈተና ትኩስ ሩዝ ላይ ገለበጠው። ቤቱ በቅባት ሽታ ታወደ። የበሬ ነው ብሎኛል። ጣቴን ልሼ ሳልጨርስ ግን አንድ ሐሳብ መታኝ፤ ይህን በሬ ማን ባረከው? በእኛ ቤት በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይቀመስም፤ የቀመሰ ከሃይማኖቱ ይወጣል ብለን የሰፈር ልጆች እርግጠኞች ነበርን። በማግስቱ ደግሞ ከእናቴ ጋር ልቆርብ ነው። ብናገር አጎቴ አለቀለት፤ ዝም ብዬ ብቆርብ እሳት ይወርድብኛል።

እሑድ የቆራቢዎች ሰልፍ እየቀረበ ሲመጣ፣ የንስሐ አባታችንን ዳር ቆመው ሳይ አላስቻለኝም።

«አባ! ቆርቆሮ በልቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባም ደንግጠው ጎንበስ አሉና፣ «ከነክዳኑ?» አሉኝ።

ነገሩ ሲገባቸው ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከለሉት። ሃያ ስግደት አዘው ቁርባኑን ለሚቀጥለው እሑድ አዛወሩልኝ። ስግደቱ ጨዋታ ነበር፤ ጉዱ የእናቴ ቁንጥጫ! አጎቴም እስከ ፋሲካ ደጃችንን አልረገጠም።

ሊያ ፊቴን አይታ ሰሃኑን ሳበችው። «ኦ ማይ ጋድ፣ ሶሪ አባባ! ላንተ ፈርስት ታይም መሥራቴ እኮ ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ግድ የለም የኔ ልጅ። ሌላ ጊዜ በቱና ዓሣ ሥሪልኝ።»

ልጅቷን አጽናንቼ ልቤን ባዳምጠው ምንም አይልም። ጭራሽ ዓይኔ ሦስተኛዋ ላይ ነው! ከአሳማው ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ። ያንን እሳት ይወርድብኛል ብሎ የፈራ ልጅ በየድግሱ እያወራሁ ስንት ዓመት ሳቅሁበት፤ አሁን ግን ናፈቀኝ። እሑድ ሄጄ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። ያኔ የፈራሁት እግዜርን ነበር፤ ዛሬ የምፈራው ስግደቱን ነው። አንዴ ከተደፋሁ ማን ያነሳኛል?