የበረዶው ጠርዝ ሸረሪቶች

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሮግስቬድ የሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ተከራይቼ እየኖርኩ፣ ስቶክሆልም አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነፍሳት እለይ ነበር። አለቃዬ ጡረታ ለመውጣት ወራት የቀራቸው ሴት ፕሮፌሰር ነበሩ። ሰሜን ተራራ ላይ የበረዶ ግግሩ እየቀለጠ ሲሸሽ፣ የተራቆተውን መሬት ማን ቀድሞ እንደሚይዘው ያጠናሉ። በየበጋው ከበረዶው ጠርዝ ጀምረው እየራቁ የፕላስቲክ ኩባያ ይቀብራሉ። የኩባያው አፍ ከመሬት እኩል ስለሚሆን የሚሄደውም የሚድኸውም ይገባበታል። እኔ አልኮል ውስጥ የመጣልኝን ለቅሜ፣ ጥንዚዛውን ከሸረሪቱ ለይቼ እቆጥራለሁ። ያ የመጨረሻ በጋቸው ነበር።

አንድ ቀን ከጠርዙ የመጣውን ብልቃጥ ስከፍት ሸረሪቶች አገኘሁ። ደነገጥኩ። ገና ትናንት ከበረዶ ሥር በወጣ፣ ሣር እንኳ በሌለው ጠጠር ላይ ሸረሪት ምን በልቶ ይኖራል? በቃ፣ ብልቃጥ አደባልቄአለሁ አልኩ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ደፍቼ ፕሮፌሰሯ "አይዞህ" ብለውኛል። ሁለተኛ ጥፋት ይዞ ፊታቸው መቆም ሞት መሰለኝ። እኛ ቤት ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ስባሪውን ይደብቃል እንጂ "ሰበርኩ" አይልም፤ እኔም ያንን ጠባዬን ይዤ ነው ስዊድን የገባሁት። ሸረሪቶቹን ሣር ከበዛበት ቦታ በመጣው ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኳቸውና በጠርዙ ረድፍ ላይ ዜሮ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ላይ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው፣ "ለመሆኑ ጠርዙ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ሣሩ ነው አይደል?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ኧረ ሸረሪት ነው! ነፋስ አምጥቶ የሚጥለውን ትንኝ እየለቀመ ይኖራል። ሣሩ ኋላ ነው የሚደርሰው።"

ወይኔ ጉዴ! ሮጬ ወደ ብልቃጡ ሄድኩ፤ ግን የሁለቱም ቦታ ሸረሪት አንድ ዓይነት ነው፣ አንዴ ከተቀላቀለ ማን ይለየዋል? መናገር ነበረብኝ። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴው ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ውስጥ ቁጭ ብዬ የምናዘዝበትን ቃል በስዊድንኛ እደጋግማለሁ፤ በራቸው ላይ ስደርስ አጎንብሼ ወደ ወንበሬ አልፋለሁ። ነገ እያልኩ መኸሩ አለቀ።

ሥራውን ሊዘጉ ሲሉ ጠሩኝ። በጠርዙ ረድፍ ላይ ያለችውን ዜሮ በጣታቸው አሳዩኝ። "ይኼ የኔ ጥፋት ነው" አሉ። "የኩባያውን አፍ ከመሬት ከፍ አድርጌ ቀብሬው ይሆናል። እጄ እንደ ድሮው አይደለም፤ አርጅቻለሁ።" ከዚያም የጠርዙን ረድፍ፣ የመጨረሻ በጋቸውን፣ በእርሳስ ሰረዙት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት አፌ ውስጥ ነበረች፤ አፌን መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ። ከፈትኩም።

"አይዞዎት" አልኳቸው።