ሞያ ያለው ሰው

ፈረደ ከአቸፈር ወደ ሽንፋ ቆላ የወረደው ጣሊያን አገሩን በያዘ ማግስት ነው። ከሚስቱ ከአገኘሽና ከአንድ ዶማ በቀር ይዞት የመጣው ነገር አልነበረም። የተጠጋባት መንደር ሃያ የሚሆኑ አባወራዎች ማሽላና ሰሊጥ የሚዘሩባት ነበረች፤ ውሃ ግን አልነበራትም። ክረምት ሲያልፍ ሴቶቹ እስከ ሽንፋ ወንዝ ሄደው፣ አሸዋ ጭረው ይቀዱ ነበር። ጎህ ሲቀድ የወጣች ሴት የምትመለሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው።

ፈረደ በአገሩ ሳለ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ ከአባቱ የተማረው ነው። እዚህ ግን ምን ታውቃለህ ብሎ የጠየቀው የለም። በየኩይሳው እየዞረ አፈር ሲጨብጥና ሲያሸት ሲያዩት ፍልፈል ብለው ስም አወጡለት። እትዬ ካሰች የሚባሉ ምላሳቸው የማይቻል ባልቴትማ፣ ለማን መቃብር ነው የምትምሰው፣ ሁላችንም ገና ቆመን እንሄዳለን እያሉ ሰዉን ያስቁበት ነበር። እሱ ግን በበጋ ቅጠሉን የማያራግፍ አንድ ሾላ አጠገብ፣ አፈሩ ሲጨብጡት የሚያያዝ ኩይሳ አገኘና በዚያው ጀመረ። አገኘሽ አፈሩን በቅርጫት እየጎተተች፣ በሰባተኛው ሳምንት፣ አሥራ አምስት ክንድ ላይ እግሩ ራሰ።

ከዚያ ወዲያ ፌዙ ቀነሰ፤ ምስጋናም አልመጣም። ሰዉ የሾላው ውሃ አለው እንጂ የፈረደ አላለውም። ቢሆንም በየሳምንቱ እየወረደ ደለሉን የሚጠርገው እሱ ነበር።

በ1930 ዓ.ም. ጥር ላይ መተማ የሰፈረው የጣሊያን ጦር ለበቅሎዎቹ ውሃ ፍለጋ በየመንደሩ መዞር ጀመረ። ያገኘውን ጉድጓድ አጥሮ ዘበኛ ያቆምበታል። ይህ ሲሰማ መንደሩ መከረና የጉድጓዱን አፍ በግንድ ከደነ፤ በላዩም እሾህና የማሽላ አገዳ ከመረ። ለጠየቀ ሁሉ መልሱ አንድ ሆነ፤ ውሃ የለንም፣ ከወንዝ ነው የምንጠጣው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ነጭ ሹምና ስምንት ዐስካሪ ወታደሮች መጡ። ከዐስካሪዎቹ አንዱ ከሱዳን ወገን የተቀጠረ ነበርና በዐረብኛ ጠየቀ። እትዬ ካሰች ከገበያ በለቃቀሙት ዐረብኛ ወንዙን ጠቆሙት፤ ባዶ እንስራቸውንም ገልብጠው አሳዩት። ሹሙ አመነ። በቅሎውን አዞረ።

ያን ጊዜ ፈረደ በሾላው በኩል ብቅ አለ። ደለል ሲጠርግ አርፍዶ፣ ጉድጓዱን መልሶ ከድኖ ወደ ቤቱ መግባቱ ነበር። እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ዐስካሪው እጁን አየና ተጠጋው።

«ሞያ?» አለው፣ ጭቃውን እየጠቆመ።

ዐረቦቹ ውሃን ሞያ እንደሚሉት የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፈረደ ግን ገበያ አይወጣም፤ ከማሳውና ከጉድጓዱ ውጭ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። እሱ የሰማው የራሱን አገር ቃል ነው። ቆላ ከወረደ ጀምሮ ስለ ሞያው የጠየቀው ሰው ያ የመጀመሪያው ነበር። ፈገግ ብሎ ነበር ይላሉ ያዩት።

«ሞያማ አለኝ» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ጭቃ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ዐስካሪዎቹ የጭቃ ዱካውን ተከትለው ሄዱና እሾሁን ገለጡ። እትዬ ካሰች ስለ ዋሹ በሰው ፊት አሥር ጅራፍ ተገረፉ። በማግስቱ ጉድጓዱ በሽቦ ታጠረ።

መንደሩ ከሽቦው ራቅ ብሎ ሸንጎ ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን ጨው ይዞ የመጣው ነጋዴ ሐሚድ፣ ቃሉ አሳስቶት ነው፣ ደገኛ ነው፣ ማሩት ብሎ ለመነ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ያረጋል አልተቀበለም።

«ሁለት ዓመት ቆላ ተቀምጦ ሞያን ያላወቀ ማን ነው? ይልቅ ንገረን፣ ምን ሰጡህ?»

«ሞያ አለህ ወይ አለኝ» አለ ፈረደ፤ «አለኝ አልሁ።»

ያመነው የለም። ሰዉ ጓዙን ጠቅልሎ ወንዝ ዳር ወረደ። ፈረደም ሊከተል ሲል ወታደሮቹ ያዙትና የጉድጓዱ ጠራጊ አደረጉት። ወንዝ ዳር የወረዱት ይህን ሲሰሙ፣ ይኸው ሹመቱን አገኘ አሉ።

በ1933 ዓ.ም. ጥር ጦሩ መተማን ለቆ ሲሸሽ፣ ዘበኞቹ ሁለት የሞቱ በቅሎዎች ጉድጓዱ ውስጥ ጥለው ሄዱ። ፈረደ ቆራርጦ አወጣቸው። ገመዱን የያዘችለት አገኘሽ ብቻ ናት። ጉድጓዱ የተገነባበትን ድንጋይ አንድ በአንድ አውጥቶ አጠበ፤ ውሃውን እስከ ፋሲካ ሲቀዳ ሲደፋ ከረመ። በክረምቱ አዲስ ውሃ ገባበት። መስከረም ላይ ጠራ፤ ሽታም የለው። ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ጠርቷል፣ ተመለሱ ብሎ ለያረጋል ነገረው። ያረጋል ሰሊጡን ማጨዱን አላቆመም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እትዬ ካሰች ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ፈረደ ሮጦ ገንዳውን ሞላላቸው። ከዚያ ቅል አጥቦ፣ ቀድቶ፣ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«እርስዎም ይቅመሱልኝ፣ እናቴ።»

እትዬ ካሰች ቅሉን ተቀበሉት። ወደ ውስጡ ጥቂት አዩ። ከዚያ ሳይቀምሱ ጎንበስ አሉና፣ ግፊያ በዝቶባት ገንዳው ጋ ላልደረሰችው ግልገል ቅሉን ያዙላት።