የሰቃው ማተሚያና የእኔ ተራ

ከጊንጆ መነሻ

ዛሬ ጠዋት ጅማ ካለው ሰፈሬ ከጊንጆ ብቻዬን ወጣሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሰቃ ያለው የቡና መሬታችን ወደ ስሜ እንዲዞር ስመላለስ ከርሜያለሁ። ሁሉም አልቆ የቀረው የይዞታ ወረቀቱን ማተም ብቻ ነው። ነገ ወሰን የሚለኩ ሰዎች ይመጣሉ። ወረቀቱ በእጄ ከሌለ ድንበሬን አልፎ የገባው ጎረቤቴ ያለው ይጸናል።

በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ተጓዝኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ቀልቷል። ድሮ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጠው ባለቤቴ ነበር፤ የማንን ቡና ማን እንደለቀመ እየነገረኝ እንደርስ ነበር። ዛሬ መስኮቱ የኔ ነው። አጠገቤ የአንዲት ሴት ዶሮ በቅርጫት ተቀምጣለች። ዶሮዋ የማንን ቡና ማን እንደለቀመ አታውቅም።

ሰቃ

የጽሕፈት ቤቱ ደጅ ሞልቷል። እንደ ልማዳችን ወረፋ የያዘ ሁሉ በተራው ቦታ ድንጋዩን አስቀምጦ ጥላ ሥር ገብቷል። እኔም ድንጋዬን ከኋላ አኖርኩ።

"ማተሚያው ዛሬም አኩርፏል" አለች ጸሐፊዋ።

"ባለፈው ለኔ አኩርፎ፣ ከኔ በኋላ ለመጣው ነጋዴ ሳቀለት። ማሽን ሰው ይመርጣል እንዴ?"

"ወላሂ እማማ፣ እኛም ግራ ገብቶናል።"

ከጅማ የተጠራ ባለሙያ ሰርቨር የሚሉት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ከየክፍሉ የሚላከው ወረቀት በዚያ በኩል አልፎ ነው ማተሚያው ጋ የሚደርሰው።

"ይሄ ሊኑክስ ነው እማማ" አለኝ።

"ማነው እሱ? ጥፋተኛው እሱ ከሆነ ጥሩልኝ!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም ስቆ ሲያበቃ ሊኑክስ ሰው ሳይሆን ሰርቨሩን የሚያሠራው ፕሮግራም መሆኑን ነግሮ አስረዳኝ። መብራት ሲሄድ ማተሚያው ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ግን ባትሪ ስላለው አይጠፋም። ማተሚያውን ሲያጣው ሞቷል ብሎ መንገዱን ይዘጋል። መብራት ቢመለስም ሰው ካልከፈተው እንደተዘጋ ይቀራል። ሠራተኞቹ ደግሞ እንቢ ያለ እየመሰላቸው ያንኑ ወረቀት ደጋግመው ይልካሉ፤ ወረፋው ይታጨቃል።

"አሁን ሁሉንም ሰርዤ ልክፈተውና የእርስዎን መጀመሪያ ላትምልዎት" አለ።

"ባለፈውስ እንዲህ ነው ያደረጋችሁት?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አዎ እማማ፣ የቀደመው ይሰረዛል፤ ቀጥሎ የላከው ያገኛል" አለኝ።

ነጋዴው ያገኘው ለካ በኔ መሰረዝ ነው!

"የሰው ድንጋይ አይነሳም!" አልኩ። "ለአንድ ሰው አንድ ድንጋይ። የተደጋገመውን አንሳ፤ ተራውን ግን አትንካ።"

"አኮ፣ የሰጡዎትን አይቀበሉም እንዴ?" አለኝ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው። "አያት ናቸው ብለን እኛ ዝም ስንል እርስዎ ይከራከራሉ! ቢሮው ሊዘጋ ነው።"

"ይዘጋ! የሚሰረዘው ያንተ ቢሆንስ?"

ሰውዬው ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ባለሙያው የተደጋገመውን ትርፍ ወረቀት ከሰርቨሩ አንድ በአንድ ለቀመ። ሰርቨሩንም ማተሚያው ሲጠፋበት መንገዱን ከመዝጋት ጠብቆ እንደገና እንዲሞክር አስተካከለው። ወረቀት በየተራው ይወጣ ጀመር። እኔ ጋ ሊደርስ ሲል መብራት ሄደ። ጸሐፊዋ የመስኮቱን መዝጊያ መሳብ ጀምራ ነበር። ጎረቤቴ ነገ በመሬቴ ላይ ቆሞ ሲስቅ ታየኝ።

መብራቱ ተመለሰ። ማንም ምንም አልነካም። ማተሚያው አጉረመረመና ካቆመበት ቀጠለ። የእኔም ወጣ፤ ማኅተም ተመታበት። አልሐምዱሊላህ።

መመለሻ

ሚኒባሱ ውስጥ ፊደሉን እየቆጠርኩ አነበብኩት። በድሮው ወረቀት ላይ ሁለት ስም ነበር፣ የባለቤቴ ከላይ፣ የኔ ከሥር። አሁን ያለው የኔ ብቻ ነው። ለዚህ ወረቀት ስጣላ ከርሜ፣ ሲደርሰኝ ምን እንደሚጎድለው አላሰብኩም ነበር።

ጊንጆ ስገባ መሽቷል። በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ "ተሳካልሽ?" የሚል የለም። ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ ተራህን በትክክል ብታገኝም ደስታውን የምትነግረው ሰው ወረፋ ይዞ እንደማይጠብቅህ ነው። ቢሆንም ወሰኑ ወሰን ነው። ነገ ድንበሩ ላይ ብቻዬን እቆማለሁ፤ የባለቤቴን ስም ወረቀቱ ባይጠራው እኔ እጠራዋለሁ።