ለማሽላ ዕረፍት ያዘዘው ዶክተር

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ፓስተር «አምስት ደቂቃ» ብለውኛል፤ የእኔ ውሸት ግን በአምስት ደቂቃ አያልቅምና ታገሡኝ። ጌታ ከዶክተርነት እንዴት እንዳዳነኝ ልመሰክር ነው የቆምኩት። አሜን በሉ እንጂ!

እንደምታዩኝ ኬንያዊ ነኝ። በሰው አገር ሕይወት እንደ አዲስ የጀመሩ ሰዎችን እየጠየቅሁ መጽሐፍ ልጽፍ ነበር የወጣሁት። እዚህ መርሳ ከተማ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሞልተዋል ሲሉኝ ለሦስት ቀን ብዬ መጣሁ፤ ይኸው ሁለት ዓመቴ። ደብተር ይዞ በማሽላ መሃል የሚዞር የውጭ ሰው እዚህ ምን ይባላል? «የሲሪንቃ ዶክተር!» የሲሪንቃው የእርሻ ምርምር ማዕከል ሰው መሰልኳቸው። «አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ዶክተር መባል ይጣፍጣላ! እናንተስ ለመዝሙሩ ብዬ ብቅ ስል የፊት ወንበር የሰጣችሁኝ ለምን ነበር? ይቅር ብያችኋለሁ።

እዚሁ አቅራቢያ፣ ግራና በምትባለው መንደር፣ ሸህ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አሉ፤ እያበሉ እያጠጡ እንደ ልጅ የያዙኝ። አንድ ቀን ማሳቸው ወሰዱኝና «ዶክተር፣ ማሽላዬ ትል ገባበት፤ ምን ይሻላል?» አሉኝ። ቅጠሉን አገላበጥሁ። መነጽሬን አወለቅሁ፣ መልሼ አደረግሁ። «ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ሁለት ሳምንት እንዳይነኩት» አልኳቸው። ለማሽላ ዕረፍት!

በማግስቱ መርሳ ሻይ ቤት አንድ የሲሪንቃ ሠራተኛ «ትል የገባበት ማሽላ በጊዜ ካልታከመ ሰብል የለም» ሲል ሰማሁ። ሻዩ ትን አለኝ። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ እኮ ነው! ብናገር ደግሞ ከእንግዲህ ማን ያስጠጋኛል? ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ፈራሁ፣ ወገኖቼ።

እሁድ እዚሁ ፓስተር «ዶክተር በጸሎት ይምሩን» አሉ። ቆምኩ። «ጌታ ሆይ፣ እኔ ባሪያህ ዶክተር…» ብዬ ምላሴ ተሳሰረ። ለእሱም ዶክተር ነኝ ልበለው? ያውቀኛል እኮ! ጥዬ ወጣሁ። እናንተ ሽንት ቤት የሄድኩ መስሏችሁ መዝሙር ጀመራችሁ፤ እኔ በባጃጅ ወደ ግራና! ሃሌ ሉያ! የዳንኩት ያን ቀን ነው።

ሸህ ሰይድ እግር ላይ ወደቅሁ። «ዶክተር አይደለሁም፤ ማሽላዎን ገደልኩት» አልኳቸው።

«ተነሥ ልጄ፣ አውቃለሁ» አሉ። «ለማሽላ ዕረፍት የሚያዝ ሐኪም ወላሂ አይቼ አላውቅም። የዚያኑ ዕለት ሲሪንቃ ሄጄ መድኃኒቱን ጠየቅሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እንግዳ ይዋረዳል እንዴ? ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅሁህ። በል፣ አገርህ ሥራህ ምን ነበር?»

«የአውቶብስ ረዳት።»

ሳቃቸው መጣ። «ጉሮሮ አለህ በለኛ! እኔ የማሽላውን ወፍ የሚያባርርልኝ ሰው አጥቼ!»

ክብር ለጌታ ይሁን! አሁን ማሳው መሃል ማማ ላይ ቆሜ የናይሮቢን ፌርማታ ሁሉ በየተራ ስጠራ ወፉ ይበረግጋል። ስሜ ኪማኒ ነው። ሸህ ሰይድ ከታች ሆነው «ኪማኒ ልጄ፣ ና ምሳ ብላ» ሲሉኝ፣ በዚህ አገር በስሜ የጠራኝ ስላልነበረ፣ ዕንባዬ ይመጣል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ባልሆንከው ነገር ተከብረህ እዚህ የተቀመጥክ ካለህ፣ ለጌታ ንገረው። ይጥለኛል ብለህ አትፍራ። እሱ ካወቀህ ቆይቷል፤ የሚጠብቀው አንተ እስክትነግረው ነው።