ለቅሶ የሌለበት አገር

ያን ክረምት አባቴ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ የመጡት እግራቸውን ለመታከም ነበር። ስኳር አለብዎት ከተባሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር የወጣችው ቁስል እንደ ዋዛ ጀምራ አልድን አለች። አገራችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ሄደው ከመኪና ከወረዱ በኋላ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። እናቴ ቤት ለመጠበቅ ቀርታ፣ ተማሪዎቻቸው በበቅሎ አስቀምጠው እስከ መኪናው መንገድ አደረሷቸው። ከዚያ ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም መጡ። መናኸሪያ ስቀበላቸው ጥምጥማቸው እንደ ወትሮው ነጭ ነው፤ መቋሚያቸውን ይዘዋል።

"ደህና ነህ?" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ እንዴት ሰነበቱ?"

ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ የተናገርነው ነገር የለም።

ዝም መባባሉ አዲስ አልነበረም። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤት ውስጥ "አባ"፣ ቅኔ ቤት "የኔታ" እያልኩ አደግሁ። ከቅኔው ደረጃዎች ጉባኤ ቃናውን፣ ዘአምላኪየውን አልፌ ሥላሴ ላይ ስደርስ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ትቼ ቡሬ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "እንግዲህ መንገዱ ያንተ ነው" አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ለዘጠኝ ዓመት ለበዓል ስሄድ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ ስለ ከብቱ ነገሩኝ፤ ስለ ትምህርቴና ስለ ሥራዬ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ሥራዬ ፍኖተ ሰላም አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጽሕፈት ማስተማር ነበር። አሠሪዬ አርጅቷል ብሎ የተወውን አንድ ኮምፒውተር ቤቴ ወስጄ እንድጠቀምበት ፈቅዶልኛል። በውስጡ ቀድሞ ይሠራበት የነበረ ሰው የጫነው ጌም ነበረ። ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ ከተማው ውስጥ ጌም ሲባል ሰው የሚያውቀው ኳስና መኪና ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው። አንድ መንገደኛ ትፈጥራለህ፤ መልክና ስም ትሰጠዋለህ፤ ሙያ ትመርጥለታለህ። ከዚያ በአንድ ሰፊ አገር ውስጥ ትለቀዋለህ። ነገሥታት፣ ሽፍቶች፣ ዘንዶዎች፣ ዋሻ የሚጠብቁ ሙታን አሉበት። ከሰው ጋር ይነጋገራል፣ ይላካል፣ ይዋጋል፣ ይመረቃል። ፍጻሜው አገሩን የረገመውን ጨካኝ ንጉሥ መጣል ነው።

አባቴ በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት አልነካሁትም፤ አፍሬ። በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እሳቸው እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ዳዊታቸውን ሲደግሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። ዳዊታቸውን ጨርሰው ሲያጥፉ ሰማኋቸው።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጨዋታ ነው አባ። እንደ ተረት ያለ።"

"የሚሄደው ሰውዬ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። ማለቴ፣ እኔ ነኝ የማስኬደው።"

"ሙያው ምንድን ነው?"

ሙያው ጠንቋይ ነበር። ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ይህን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? "ጦረኛ" አልኩ። በማግሥቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ተመልሼ፣ እሳቸው ፀሐይ ሊሞቁ ደጅ በወጡበት፣ የሦስት ወር ድካሜን ትቼ አዲስ ጦረኛ ፈጠርኩ። ውሸቴን እውነት ለማድረግ ከዜሮ ጀመርኩ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ መብራት ካለ አብረን እንቀመጣለን። እኔ አንቀሳቅሳለሁ፤ ሰዎቹ የሚሉትን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሳቸው ይሰማሉ፣ ይፈርዳሉ። ቅኔ ሲፈርዱ እንደማውቃቸው ነው የፈረዱት፤ የተሠራውን ያመሰግናሉ፣ የጎደለውን አያልፉም።

የወደዱት ነገር ብዙ ነበር። በሩቅ የሚታይ ተራራ ሁሉ የሚደረስበት መሆኑ ደስ አላቸው። አንድ ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ትተን ወደ አንድ ተራራ ብቻ ስንወጣ ዋልን፤ ጫፉ ላይ ምንም አልነበረም፤ "መልካም ነው፣ አየነው" አሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን የወደዱት መንገደኛው የሚበረታበትን አኳኋን ነው። በሰይፍ የሚበረታው ሰይፍ ሲመዝ ብቻ ነው፤ መዝለል የሚችለው በመዝለል ብዛት ነው። ማንም ዝም ብሎ አይሰጠውም።

"ይህን የሠራው ሰው መምህር ፊት ተቀምጦ ያውቃል" አሉ። "ትምህርት እንዲህ ነው የሚገባ።"

የጠሉትንም አልደበቁም። ሰዎቹ አንድ ቃል መደጋገማቸው ያስቆጣቸዋል። አንጥረኛው ዛሬም ነገም ስለ አንድ ብረት ያወራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አንድ የድንጋይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ስታክ ያደርጋል፤ ምስሉ እንዳለ ይደርቃል። እሳቸው ግን ይህን ከእኔ ይልቅ ታገሡት። ያልታገሡት ሴቭ ማድረጌን ነው። ተሳስቼ ሰው ስበድል ወይም በውጊያ ስሞት ካስቀመጥኩት ቦታ ተመልሼ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። አንድ ቀን አዩኝና፦

"አሁን የሰደብከው ሰውዬ ስድቡን ረሳው?" አሉ።

"አላውቀውም አባ። እንዳልሆነ ሆነ።"

"አንተስ ረሳኸው?"

"እኔማ አልረሳሁትም።"

"እንግዲያ ግማሹ ብቻ ነው የተመለሰው" አሉ።

አንድ ወንዝ የሚያሻግረን ጀልባ ቀዛፊ ነበረ። ሦስት አራቴ አሻግሮናል። አንድ ከሰዓት ስንደርስ ሽፍቶች ገድለውት አገኘነው፤ ከጀልባው አጠገብ በጎኑ ወድቋል። ሚስቱ ከቤቷ ደጃፍ ቆማ ስታየን "እንኳን ደህና መጣህ መንገደኛ፤ መልካም ቀን ነው" አለች። ቃሏን ወደ አማርኛ ስመልስላቸው አባቴ ቀና አሉ።

"ሚስቱ ናት?"

"አዎ።"

"ንገራታ።"

"አይቻልም አባ። ከሚመረጡት ቃላት ውስጥ የለም።"

"ጎረቤት የለም? ሰው አይጠራም?"

መንደሩን ዞርኩ። አንጥረኛው ስለ ብረቱ አወራ። ወታደሩ "ሕግ አክብር" አለ። አንዲት ሴት ሬሳውን ተሻግራ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። አባቴ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ በሕይወት ያለ ሰው የተዋረደ ያህል ነው የተሰማቸው።

"ተራራ ሠሩ፣ ወንዝ ሠሩ፣ ንጉሥ አነገሡ። ለቅሶ ሳያበጁ ግን አገር አይባልም" አሉ። ቀጥለውም፣ "መቅበር ካልተቻለ አጠገቡ ቁምለት" አሉኝ። ጦረኛውን ከሬሳው አጠገብ አቆምኩትና እጄን ከማውዙ አነሣሁ። ሁለታችንም እያየነው ቆየን፤ መብራት ሄዶ ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ።

ከዚያ ቀን በኋላ የማደርገውን ነገር ሳስተውለው ቃላት መጨመር ጀምሬያለሁ። ሰዎቹ የሚናገሩት ደረቅ ሲሆንብኝ ጥቂት አሳምረዋለሁ። አንዲት ልጇ የጠፋባት ሴት በእንግሊዝኛ "ልጄን ፈልግልኝ፣ እከፍልሃለሁ" ብቻ ነበር ያለችው። እኔ ለአባቴ ስመልሰው እንዲህ ሆነ፦ "መንገደኛ ሆይ፣ እግርህ ብዙ አገር ረግጧል፤ እኔ ከደጄ አልወጣሁም። ያለኝን እሰጥሃለሁ፤ የሌለኝን እሱን አምጣልኝ።"

አባቴ ከስክሪኑ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ፦

"ይህን እሷ አላለችም" አሉ።

"ኧረ ብላለች አባ።"

"አላለችም። 'ያለኝን' እና 'የሌለኝን' ብሎ የሚያጋጥም ሰው በዚህ ጨዋታ እስካሁን አልሰማሁም። አንተ ነህ ያልከው።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። እየሳቁ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእኔ አንደበት ስለወጣ ነገር ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ልጅ ሳለሁ ቅኔ ስነግራቸው ዜማው ሲሰምር ጉልበታቸውን በእጃቸው አንድ ጊዜ መታ ያደርጉ ነበር። ያን ጊዜም አደረጉት።

በሐምሌ መጨረሻ ሐኪሙ እኔን ለብቻ ጠርቶ ነገረኝ። ቁስሉ ወደ አጥንት ገብቷል። ባሕር ዳር ሪፈር ተጽፎላቸዋል፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚት በታች ሳይቆረጥ አይቀርም፤ መዘግየት የለበትም። ለአባቴ ስነግራቸው የደነገጡ አልመሰሉም።

"ፍልሰታ ደርሷል" አሉ። "ሱባዔውን ከተማሪዎቼ ጋር ይዤ፣ ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። አሁን ውሰደኝ አልልህም፤ አሳፍረኝ ብቻ።"

"ሐኪሙ ቶሎ ነው ያለው አባ።"

"ሰምቻለሁ።"

ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሊጨምር የሚገባው ልጅ እኔ ነኝ ብዬ አላሰብኩም። ቤታቸውን ትቼ የወጣሁ ሰው እሳቸውን ምን ብዬ አዛለሁ?

የሚሄዱት ማክሰኞ ነው፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጌሙን ልጨርሰውና ፍጻሜውን ይዩት ብዬ ተቀመጥኩ። የንጉሡ አዳራሽ ደርሰናል። ውጊያው ከባድ ነው፤ ዓይን አያስነቅልም። ጋሻዬ ተሰብሮ ዓምዱን እየዞርኩ ስሸሽ የአባቴን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

"ያን ጊዜ ከቅኔ ቤት ስትወጣ፣ እኔ…"

"አንዴ አባ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ" አልኳቸው። ዞሬ አላየኋቸውም።

ዝም አሉ።

ንጉሡ ወደቀ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ሦስት መስመር ጽሑፍ መጣ። አገሩ ነፃ ወጣ፣ መንገደኛው ተመሰገነ ይላል። ከዚያ ጌሙ ራሱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰ። የተሻገርነው ወንዝ፣ የወጣነው ተራራ፣ ልጇ የጠፋባት ሴት አንዳቸውም አልተነሡም። ዛሬ ስለዚያ ጌም ጉድለት ብጠየቅ መጀመሪያ የምናገረው ይህን ነው፤ ያን ሁሉ አገር የሠራ ሰው ፍጻሜው ላይ ደክሞታል።

"ይኸው ነው?" አሉ አባቴ።

"ይኸው ነው።" ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ወንበሬን አዞርኩ። "ምን ሊሉኝ ነበር አባ?"

አየት አደረጉኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። "ተወው። ሌላ ጊዜ እናወራዋለን" አሉ።

ልለምናቸው ነበረብኝ። እኔ ግን ባሕር ዳር ስወስዳቸው በመንገድ ይነግሩኛል ብዬ ዝም አልኩ። ጠዋት አውቶቡስ አሳፈርኳቸው። ሲሳፈሩ መቋሚያቸውን ይዤላቸው በመስኮት አቀበልኳቸው፤ መኪናው ወደ ቡሬ መንገድ ወጣ።

በፍልሰታ ሁለተኛው ሳምንት የቡሬ ሰው መልእክት ይዞ መጣ፤ የኔታ አልቻሉም፣ ቶሎ ና። በዚያኑ ሰዓት ተሳፈርኩ። ከመኪና ወርጄ በእግር ስሄድ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ሞልቶ ጠበቀኝ። ግማሽ ቀን ከዳር ቆምኩ። ማዶ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የለቅሶ መሆኑ ይታወቃል። ውኃው ጎደል ብሎ ስሻገር ቀብሩ አልቆ ሰው እየተበተነ ነበር።

ዋናው ተማሪያቸው አቅፎ ተቀበለኝ። ቁስሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እግሩን ሁሉ እንዳጠቆረው፣ ትኩሳት ላይ ሆነው እንኳ የማስተማሪያ ጉባኤያቸውን እንዳላስታጎሉ ነገረኝ። መቃብሩ ላይ ቆመን ሳለ ጠየቅሁት።

"ስለ እኔ ያሉት ነገር ነበር?"

"ነበር። 'ልጄ ቃል አልጠፋበትም፤ ከባዕድ አፍ ተቀብሎ ያሳምራል' አሉን። ደስ ብሏቸው ነው የነገሩን።"

"ሌላስ?"

አሰበ። "ሌላ አላሉም" አለኝ።

የሠልስቱ ዕለት ሰው ወጥቶ ሲያልቅ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃለች፤ ድምፅዋ በለቅሶ ሰልሏል።

"ክረምቱን ምን ስትሠሩ ከረማችሁ?" አለችኝ። "ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣ።"

ነገርኳት። ጌም ምን እንደሆነ ለማስረዳት ተቸገርኩ፤ እሷ ግን እሱን አልፈለገችም። ምን አለ፣ አንተስ ምን አልከው፣ እያለች የተባባልነውን ብቻ ጠየቀችኝ። ልጇ የጠፋባትን ሴት ቃል እኔ አሳምሬው አባቴ እንደያዙኝ ስነግራት እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። የሐኪሙንም ነገር አልደበቅኋትም፤ ቶሎ እንደተባለ፣ ፍልሰታን ልያዝ እንዳሉ፣ እኔም ዝም ብዬ እንዳሳፈርኳቸው።

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"አንተን እኮ ይሰማህ ነበር" አለች። "ያን ክረምት አጥብቀህ ብትለው እግሩን ይሰጥ ነበር።"

ልትወቅሰኝ ፈልጋ አልነበረም፤ ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ የለም። ሠላሳ ዓመት አብራቸው የኖረች ሴት የምታውቀውን ነገረችኝ። እኔም "አዎ፣ ይሰሙኝ ነበር" አልኳት። ተያይዘን ተቀመጥን።